ለ11ኛ ክፍል የሙያ ትምህርት ልንጀምር ነው፤ ከአካዳሚክ ዲፓርትመንቶቹ ጋር እንዴት እናቀናጀው? (ድሬዳዋ)

ምክትል_ድሬ

ሰላም ጀመዓ። ድሬዳዋ ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአካዳሚክ ምክትል ርዕሰ መምህር ነኝ። አካዳሚኩ በየዲፓርትመንቱ ተዋቅሯል፤ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ዜግነት፣ አይሲቲ፣ ቋንቋዎች፣ ስፖርት፣ ሁሉም ተጠሪ አለው። አሁን ከ11ኛ ክፍል የሙያ መስክ እንጀምራለን። 11ኛ ክፍል 6 ሴክሽን ነው፤ 4 ናቹራል፣ 2 ሶሻል፣ በሴክሽን 50 ተማሪ ገደማ። ትምህርቱ ሙሉ ቀን ነው፤ በቀን 7 ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ።

በእጃችን ያለው 9 በ18 ሜትር የሆነ ባዶ አዳራሽ (ጣሪያው ቆርቆሮ)፣ ነጠላ ፌዝ ቆጣሪ፣ አንድ የብረታ ብረት መምህርና አንድ የኤሌክትሪክ መምህር ነው። የሙያ መስኮቹ በፊዚክስና በአይሲቲ ዲፓርትመንት ስር ይግቡ የሚል ሐሳብ አለ፤ ራሳቸውን ችለው ይቁሙ የሚሉም አሉ። ፕሮግራሙስ እንዴት ይወጣል? ብየዳ ይቅደም ወይስ ኤሌክትሪክ? ሥራውን የምታውቁት እስኪ በዝርዝር ንገሩን።

ፕሮግራም_አውጪ

ከፕሮግራሙ ብትነሱ የሌላው ጥያቄ ግማሹ በዚያው ይመለሳል። ብዙ ትምህርት ቤት የሒሳብና የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ከደለደለ በኋላ በተረፈው ቀዳዳ ሙያውን ይሰካል። ያኔ ለሙያው የሚደርሰው ሰኞ አንድ፣ ረቡዕ አንድ፣ ዓርብ አንድ ነጠላ ክፍለ ጊዜ ነው። በ40 ደቂቃ ወርክሾፕ የሚሠራ ነገር የለም። መሣሪያ ማደል 10 ደቂቃ ይፈጃል፤ መሣሪያ ቆጥሮ መመለስና መጥረግ 15። የቀረው 15 ደቂቃ ላይ ተማሪው ገና ብረቱን ሞርሳ ላይ እያሰረ ነው። በድርብ ክፍለ ጊዜ ግን ከ80 ደቂቃው 55ቱ ለሥራ ይተርፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ወርክሾፑን ደልድሉ፣ ሌላው በዙሪያው ይግባ።

ቁጥሩን በእናንተ ልክ ላስላው። ድሬዳዋ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ከሰዓት በኋላ ወርክሾፕ አይታሰብም፤ ከሙቀቱ ሌላ የደኅንነት ምክንያት አለው፣ እሱን ብየዳ የሚያውቁት ይናገሩ። ስለዚህ ያላችሁ ጠዋት ብቻ ነው። 2፡00 ብትጀምሩ 1ኛና 2ኛ ክፍለ ጊዜ እስከ 3፡20 አንድ ድርብ ነው። 3ኛው አዳራሹ ባዶ ይሁን። ከ4፡00 እስከ 4፡15 እረፍት፣ ከዚያ 4ኛና 5ኛው እስከ 5፡35 ሁለተኛው ድርብ። በቀን ሁለት ድርብ ማለት ነው። ዓርብ ለስግደት ሲባል ክፍለ ጊዜው ወደ 35 ደቂቃ ስለሚያጥር አትቁጠሩት፤ ለጥገና፣ ለማካካሻና ለጽሑፍ ፈተና ተዉት። ከሰኞ እስከ ሐሙስ 8 ድርብ አላችሁ። በሳምንት ለአንድ ሴክሽን ሁለት ድርብ ከሰጣችሁ አዳራሹ የሚችለው 4 ሴክሽን ነው። ናቹራሎቹ 4 ናቸው፤ ልክ ሞላ። 6ቱንም እናስገባ ካላችሁ ለእያንዳንዱ በሳምንት የሚደርሰው አንድ ድርብ ብቻ ነው (ሁለት ይተርፋል፣ ለስድስት ግን አይበቃም)፤ በመካከሉ በዓል ከገባ ደግሞ ተማሪው በ14 ቀን አንዴ ነው መሣሪያ የሚነካው።

ሶሻሎቹን ወደ ቢዝነስ ውሰዷቸው። የሚያስፈልገው መማሪያ ክፍልና ወረቀት ነው፣ ከሰዓትም ይማራሉ። ግን ዴቢትና ክሬዲት በሰሌዳ ላይ ብቻ ከሆነ ኢኮኖሚክስን መድገም ነው። ድሬዳዋ የጅቡቲ መስመር ከተማ ናት፣ ነፃ የንግድ ቀጠናም አላት፤ ንግድ መዝገብ፣ ኢንቮይስ፣ የዕቃ ዝርዝር፣ የጭነት ሰነድ፣ የመጋዘን ደረሰኝ የሚባሉትን በእጃቸው ሞልተው ይለፉ። በአንድ የዕቃ ግዥ ላይ ከትዕዛዙ ጀምሮ እስከ ሒሳብ መዝገቡ ድረስ ሰነዱን ተከትለው እንዲሠሩ አድርጉ። ስህተቱ ሁልጊዜ የሚወጣው ኢንቮይሱ ላይ ያለው ብዛትና መጋዘን የገባው ብዛት ሲለያይ ነው፤ ሆን ብላችሁ አለያዩላቸው።

ዲፓርትመንቱን በተመለከተ፣ ራሱን ችሎ ይቁም። በፊዚክስ ስር ከገባ የአላቂ ዕቃ በጀቱ ከወረቀትና ከቀለም ጋር ይቀላቀልና ኅዳር ላይ ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) የሚገዛበት ገንዘብ የለም ትባላላችሁ። ሌላው፣ የፊዚክስ ተጠሪ የወርክሾፕ መምህርን ክፍል ገብቶ ሲገመግም የሚያየው የሰሌዳ አጠቃቀምን ነው፤ መሣሪያ ቆጠራንና የደኅንነት አያያዝን የሚመዝን ቅጽ የለውም። ከሁለቱ መምህራን አንዱ ተጠሪ ይሁን፤ የእያንዳንዳቸው ጫና በዚህ ፕሮግራም በሳምንት 16 ክፍለ ጊዜ ነው፣ ዝግጅቱ ስላለበት ብዙ ነው እንጂ ትንሽ አይደለም። አንድ ክፍለ ጊዜ አማካሪ፣ አንድ ደግሞ ክበብ እያላችሁ እንዳትጭኑባቸው።

ሞርሳ

ፕሮግራም አውጪ ያለው ልክ ነው። እኔ ስለ አዳራሹና ስለ መብራቱ ልጨምር፤ ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው።

አዳራሹን በሶስት ክፈሉት። 9 በ9 ለብረታ ብረት፣ 9 በ6 ለኤሌክትሪክ፣ 9 በ3 ለዕቃ ግምጃ ቤት። ክፍፍሉ እስከ ጣሪያ ድረስ በብሎኬት ይሁን። በኮምፔርሳቶ ብትከፍሉት ግራይንደር ሲነሳ የኤሌክትሪክ መምህሩ አፉን ይዞ ይቆማል፣ ብልጭታውም እንጨቱን ያገኘዋል። ሴክሽኑ ለሁለት ይከፈል፤ 25ቱ ብረት፣ 25ቱ ኤሌክትሪክ። በየሳምንቱ አታቀያይሯቸው፤ የተጀመረ ሥራ ሳያልቅ ይረሳል። በሴሚስተር ይቀያየሩ።

ብረታ ብረት ላይ 25ቱ በአንድ ጊዜ አይበይዱም። አምስት አምስት ሆነው በአምስት ጣቢያ ይሰለፉ፤ ልኬትና ምልክት፣ ሴጌቶና ሊማ፣ መሰርሰሪያ፣ ብየዳ፣ ፍተሻ። ብየዳው ላይ ሶስት ኬብን (የተከለለ መበየጃ ቦታ) ለአምስት ተማሪ ይበቃል፤ ሁለቱ ቅርፊት ያራግፋሉ፣ ይመረምራሉ። ፍተሻ ጣቢያ ላይ የተቀመጠው ተማሪ የሌላውን ሥራ በጎኒዮ (የማዕዘን መለኪያ) ይለካል፣ 2 ሚሊ ሜትር ከሳተ ይመልሳል። ይህን ጣቢያ እንዳትዘሉት።

አሁን መብራቱ። ነጠላ ፌዝ ላይ ሶስት የብየዳ ማሽን አይሆንም፤ ምክንያቱ ይሄ ነው። የድሮው ባለ ትራንስፎርመር ማሽን ሳይበይድ በቆመበት 60 ቮልት ገደማ ያወጣል። 80 አምፒር ላይ ሲበይድ ከመስመር የሚጎትተው ወደ 4.8 ኪሎ ቮልት አምፒር ነው፤ በ220 ሲካፈል 22 አምፒር። ሶስቱ አብረው ሲነሱ 66። ኢንቨርተር የሚባለው አዲሱ ዓይነት የብየዳ ማሽን ለተመሳሳይ ሥራ 14 አካባቢ ይበቃዋል፣ ሶስቱ 42። በዚያ ላይ መሰርሰሪያና ግራይንደር አለ። ቮልቴጁ ሲወርድ ኤሌክትሮዱ እሳት አይዝም፣ ብረቱ ላይ ይጣበቃል። ተማሪው አምፒር ይጨምራል። ጎረቤቱ ሥራ ሲያቆም ቮልቴጁ ይመለስና ያ የተጨመረው አምፒር ቱቦላሬውን ይበሳዋል። መምህሩ ተማሪውን ይቆጣል፤ ጥፋቱ ግን የመስመሩ ነው። ስለዚህ ባለ ሶስት ፌዝ ቆጣሪ አሁኑኑ ጠይቁ፣ ጊዜ ይወስዳል። እስኪገባ በሁለት ኢንቨርተር ሥሩ። ለእያንዳንዱ ማሽን ራሱን የቻለ ባለ 6 (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦና 32 አምፒር ብሬከር አብጁ። ሶስት ፌዝ ሲገባ ለየፌዙ አንድ ማሽን። የአይሲቲ ላቡ መስመር ከብየዳው ጋር እንዳይገናኝ፤ ኤሌክትሮድ በተመታ ቁጥር ኮምፒውተሮቹ ይጠፋሉ፣ ከዚያ የሁለት ዲፓርትመንት ጠብ ነው።

ጠዋት ብቻ የተባለው እውነት ነው። ያ 60 ቮልት ለደረቀ ሰውነት ብዙም አያስፈራም። በላብ ለራሰ ጓንትና ለራሰ ሸሚዝ ግን ይገድላል። ድሬ ላይ ከ6 ሰዓት በኋላ ደረቅ ጓንት የሚባል ነገር የለም አቦ። ለእያንዳንዱ ኬብን ሁለት ጥንድ የቆዳ ጓንት ይኑር፤ አንዱ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ አንዱ ይሠራል። እግር ስር የእንጨት ርብራብ አድርጉ። ቬንትሌተሩ ከተማሪው ጀርባ ወይም ከጎን ይንፈስ፣ ቀጥታ ብየዳው ላይ አይምጣ።

ለመማሪያ ኢ6013 የሚባለው ኤሌክትሮድ፣ ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ ከ60 እስከ 90 አምፒር። ማስኩ ላይ 10 ወይም 11 ቁጥር መስታወት። የውድቅዳቂ ብረት ግዢ ላይ ተጠንቀቁ፤ ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮና የውሃ ቧንቧ እንዳይበየድ። ነጭ ጢስ ያወጣል። ያን የተነፈሰ ልጅ ማታ ብርድ ብርድ ብሎት ያተኩሳል፣ ቤተሰቡ ወባ ወይም ደንጊ ያዘው ብሎ ይሮጣል፤ ሐኪሙም በየዳ እንደነበር ካልተነገረው ምክንያቱን አያገኘውም።

ከዚራ_ፊዚክስ

በአንድ ነገር ልለይ። ብየዳ አይቅደም። ሞርሳ ራሱ በሰጠው ስሌት አንድ ተማሪ ብየዳ ጣቢያ የሚደርሰው በአምስት ድርብ አንዴ ነው፤ በ16 ሳምንት ሴሚስተር ስድስት ጊዜ ገደማ። በዚህ ላይ ሶስት ፌዝ ይጠበቃል፣ ጓንትና ማስክ ይገዛል። የቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ግን ባላችሁ ነጠላ ፌዝ ነገ ይጀመራል፣ 25ቱም በአንድ ጊዜ ይሠራሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 120 በ240 የሆነ ኮምፔርሳቶ ለአራት ይቆረጥ፤ 60 በ120 ይሆናል። ለሁለት ተማሪ አንድ ሰሌዳ ብትሉ 13 ሰሌዳ፣ ማለትም አራት ኮምፔርሳቶ፣ ሶስት መጠባበቂያ ይተርፋል። በየሰሌዳው 10 አምፒር ብሬከር ለመብራት በባለ 1.5 ሽቦ፣ 16 አምፒር ብሬከር ለሶኬት በባለ 2.5 ሽቦ፣ አንድ ተራ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሁለት የደረጃ ማብሪያ (አንድ መብራት ከሁለት ቦታ የሚያበሩና የሚያጠፉ)፣ ሁለት የአምፖል መያዣ፣ አንድ ሶኬት፣ ሁለት ጁንክሽን ቦክስ። ሽቦው ተፈትቶ ድጋሚ ይሠራበታል። ጫፉ በተላጠ ቁጥር ስለሚያጥር መጀመሪያ ለረጅሙ መስመር፣ ሲያጥር ለማብሪያው ይዋል፤ ሲያልቅለት ለብሎን ማሰሪያ መለማመጃ።

220 ቀጥታ አይሰጥም። መጀመሪያ መብራት ሳይኖር በሜትር ይፈተሻል። ከዚያ ሰሌዳው ባለ 100 ዋት አምፖል በተከታታይ ከገባበት መስመር ኃይል ያገኛል። ተማሪው ሁለቱን ሽቦ አገናኝቶ ከሆነ የመፈተሻው አምፖል ደምቆ ይበራል፤ ብሬከር አይወድቅም፣ ብልጭታ የለም፣ ሌላው ሰሌዳም አይጠፋም። በመጨረሻ ነው ሙሉው 220 የሚሰጠው፣ በየረድፉ ባለ 30 ሚሊ አምፒር የፍሳሽ መከላከያ ብሬከር ተደርጎ።

ደጋግሞ የሚመጣ ስህተት ሁለት ነው። አንደኛው ማብሪያው ፌዙን ትቶ ኒውትራሉን ሲቆርጥ። አምፖሉ ይበራል፣ ይጠፋል፣ ተማሪው ደስ ብሎት ይሄዳል፤ መያዣው ግን ጠፍቶም ፌዝ አለበት። ስለዚህ «በራ» የሚል ማርክ አይሰጥም፤ ማብሪያው ጠፍቶ በቴስተር መያዣው ይነካ፣ ያኔ ይያዝ። ሁለተኛው የደረጃ ማብሪያ ላይ የጋራው ተርሚናል ሲሳት ነው። መብራቱ የሚሠራው አንደኛው ማብሪያ በአንድ አቅጣጫ ሲሆን ብቻ ነው። ይህን ስዕል ሳያስሉ አታሠሯቸው።

ኤርዙን (የመሬት መስመሩን) ሳልረሳ። የድሬዳዋ አፈር አሸዋና ደረቅ ስለሆነ አንድ ሜትር ተኩል ዘንግ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ኤርዝ ተሠራ አይባልም። ሁለት ዘንግ፣ በመካከላቸው 3 ሜትር ርቀት፣ በመዳብ ሽቦ ተያይዘው፣ የሚቻል ከሆነ የውሃ ቧንቧው በሚንጠባጠብበት በኩል። ከዚያ ይለካ።

ከአካዳሚኩ ጋር ማያያዙ ላይ ደግሞ፣ የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ የኤሌክትሪክ ምዕራፍ አለው። 11ኛ ክፍል መስከረም ላይ የኦም ሕግን እንደ አዲስ ከማስተማር የፊዚክስ ዲፓርትመንት በ10ኛ ክፍል ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ በእነዚሁ ሰሌዳዎች ሁለት የላብ ክፍለ ጊዜ ይሥራ። ኬሚስትሪም እንዲሁ፤ ብረታ ብረትና ኤሌክትሮኬሚስትሪ 10ኛ ላይ አለ፣ ዚንክ ለምን እንደሚጢስና ብረት ለምን እንደሚዝግ እዚያው ይነገር። በዲፓርትመንቶቹ መካከል በሴሚስተር አንዴ የምዕራፍ ቅደም ተከተል ማናበቢያ ስብሰባ ካለ ይበቃል።

ሞርሳ

ኤሌክትሪኩ ይቅደም፣ አልከራከርም። ግን ሶስት ፌዝ እስኪገባ የብረት መምህሩ እጁን አጣጥፎ እንዳይቀመጥ። የመጀመሪያው ሴሚስተር ሊማ፣ ሴጌቶ፣ ልኬትና መሰርሰሪያ ነው። 5 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ላሜራ በሊማ ብቻ አራቱንም ጎን ቀጥ አድርጎ ማውጣት ስድስት ድርብ ይፈጃል። ይህን ያልሠራ ተማሪ ብየዳ ላይ ሲቆም ሁለት ብረት ገጥሞ ማስቀመጥ ያቅተዋል፤ ክፍተቱን በኤሌክትሮድ ሊሞላ ይታገላል።

ምክትል_ድሬ

እጅግ አመሰግናለሁ፣ ስሌቱ ብዙ ነገር ገልጦልናል። ሁለት ቀረኝ። ዕቃው እንዴት ይያዝ? ንብረት ክፍላችን ሁሉንም በመምህሩ ስም ወጪ አድርጎ ሊሰጥ ይፈልጋል፣ መምህራኑ ደግሞ አንፈርምም አሉ። ሌላው፣ ወላጆች «ሲጨርሱ የደረጃ ሰርተፍኬት ያገኛሉ ወይ?» ይላሉ።

ግምጃ_ቤት

መምህራኑ ልክ ናቸው። ሊማም ኤሌክትሮድም በአንድ ሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ቅጽ) ከወጣ ከዓመት በኋላ ያለቀውን ኤሌክትሮድ መምህሩ ይጠየቅበታል። ከመግቢያው ለዩት። ዕቃው ሲገባ በሞዴል 19 (የገቢ ደረሰኝ) ላይ ቋሚና አላቂ በተለያየ ቅጠል ይመዝገብ። ቋሚው (ማሽን፣ ሞርሳ፣ መሰርሰሪያ፣ ሜትር) በዲፓርትመንቱ ተጠሪ ስም ይውጣ፣ ቁጥር ይመታበት። አላቂው በየሁለት ሳምንቱ በሞዴል 20 (የመጠየቂያ ቅጽ) እየተጠየቀ በልክ ይውጣ።

የልኩ ስሌት አስቸጋሪ አይደለም። ብየዳ ሲጀመር ለአንድ ተማሪ በአንድ ተራ 6 ኤሌክትሮድ ስጡ። በድርብ 5 ተማሪ፣ በሳምንት 8 ድርብ፤ 240 ኤሌክትሮድ። ባለ 2.5 ኤሌክትሮድ አንዱ 18 ግራም አካባቢ ስለሆነ ይህ ከ5 ኪሎ ጥቂት ያንሳል። በሳምንት 5 ኪሎ፣ በሴሚስተር 80 ኪሎ ያዙ። መምህሩ በሳምንት 10 ኪሎ ከጠየቀ ወይ አምፒሩ አልተስተካከለም፣ ወይ ኤሌክትሮዱ እርጥበት ነክቶት እየተጣለ ነው፣ ወይ ሌላ ነገር አለ፤ ሦስቱንም ማየት ነው።

ለትናንሽ መሣሪያ የጥላ ሰሌዳ አሠሩ። ግድግዳ ላይ የእያንዳንዱ ፒንሳ፣ ካቻቢቴና ሊማ ቅርጽ በቀይ ቀለም ይሳል። ተማሪው መሣሪያ ሲያነሳ ስሙ ያለበትን የቆርቆሮ ታርጋ በቦታው ይሰቅላል። ለአንድ ተማሪ ሶስት ታርጋ ብቻ። ማጽጃው 15 ደቂቃ ላይ ቀዩ ቅርጽ ከታየና ታርጋ ከሌለ በሩ አይከፈትም። ደወል ከተደወለ በኋላ የሚቆጠር ከሆነ አትቁጠሩ፤ 25 ልጅ በር ላይ ተጋፍቶ የሚቆጠር ፒንሳ የለም።

ኮሌጅ_በር

ለወላጆቹ በግልጽ አይሆንም በሏቸው። የደረጃ ሰርተፍኬት የሚገኘው በብቃት ምዘና ነው፣ ሲኦሲ የምንለው፤ ምዘናውም ፈቃድ ባለው ማዕከል ነው የሚሰጠው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሙያ ትምህርት መግቢያ ነው። ተማሪው ወደ ፖሊ ቴክኒክ ሲመጣ ጊዜ የሚያተርፍለት ነገር ግን ልትሰጡት ትችላላችሁ፤ የተግባር መዝገብ። በየገጹ የተሠራው ሥራ፣ ስዕሉ፣ የተፈቀደው ስህተት መጠን፣ ስንት ጊዜ እንደደገመ፣ የመምህሩ ፊርማና ቀን። «ብየዳ 85» የሚል ትራንስክሪፕት ለአሰልጣኝ ምንም አይነግረውም፤ «2.5 ኤሌክትሮድ፣ ጠፍጣፋ መገጣጠሚያ፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ አለፈ» የሚለው ይነግረዋል።

12ኛ ክፍልን ተጠንቀቁ። አገር አቀፍ ፈተናው በስድስት ትምህርት ከ600 ነው፣ ማለፊያው 300። የወርክሾፕ ሥራ አይፈተንበትም። 12ኛ ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ድርብ ክፍለ ጊዜ ከያዛችሁ የሒሳብ ዲፓርትመንቱ ብቻ ሳይሆን ተማሪው ራሱ ይቀራል። ከባዱን ተግባር 11ኛ ላይ ጨርሱ፣ 12ኛ የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ አንድ የማጠቃለያ ሥራ ይኑር፣ ከዚያ ልቀቋቸው። በሌላ በኩል «ሙያ ጊዜ ይሻማል» ለሚሏችሁ ደግሞ ፈተናውን ያለፈው በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ መሆኑን አስታውሷቸው፤ ለቀሪው ብዙኃን ሙያው ያስፈልገዋል።

ፕሮግራም_አውጪ

ሶስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ አዳራሹ ባዶ ይሁን ያልኩት እንዳይረሳ። ፕሮግራሙ ሲለጠፍ አንድ ሰው «ክፍት ነው» ብሎ የስፖርት ቲዎሪ ያስገባበታል። «ዝግጅትና ጥገና» ብላችሁ በሁለቱ መምህራን ስም ጻፉት።